ስፒከር ከማብዛታችን በፊት

በትምህርት ቤት በዓል የቤት ስቴሪዮ አውጥተን፣ ድምፁ ሜዳው ድረስ ይሰማ ብለን ተጨማሪ ስፒከር የምናገናኝ ጥቂቶች አይደለንም። ሽቦ ከመንካታችን በፊት ግን የአምፕሊፋየሩን ጀርባ እናንብብ። «ቢያንስ 8 ኦም» ካለ፣ ከዚያ በታች አትጫኑብኝ ማለቱ ነው።

ኢምፒዳንስ ማለት ስፒከሩ ለተለዋዋጭ ኮረንቲ የሚያሳየው እንቅፋት ነው። አምፕሊፋየሩ 20 ቮልት ቢሰጥ በ8 ኦም 2.5 አምፔር፣ በ4 ኦም ግን 5 አምፔር ይሄዳል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ። መጀመሪያ ደስ ይላል፤ ድምፁ ይደምቃላ! ቆይቶ ትራንዚስተሮቹ ይግላሉ፤ መከላከያ ከሌለው ይቃጠላሉ። አንዱን ከሌላው አስከትለን በተርታ ብናስራቸው 16 ኦም ይሆናሉ፤ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል እንጂ መሣሪያውን አይጎዳም። በእኛ በኩል በዓሉ በቀነሰ ድምፅ ቢያልፍ እንመርጣለን፤ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ያለው አምፕሊፋየር አንድ ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ባለ 8 ኦሙን ስፒከር በሜትር ስንለካው 6 ገደማ ቢያሳይ አንደንግጥ። ሜትሩ የሚያየው የጥቅሉን ሽቦ በቀጥተኛ ኮረንቲ ብቻ ነው።

የድሮው ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ጠባዩ ሌላ ነው፤ ያለ ስፒከር ድምፅ ከተለቀቀበት የመውጫው ትራንስፎርመር ሊበላሽ ስለሚችል፣ ስፒከሩን ሳናስር አንክፈተው።