ስለ ጸሐፊነት ሕይወትና ስለ ብዕር ትጋት

መጻፍን የሚወድ ወጣት በማንኛውም ዘመን አይታጣም። ነገር ግን መጻፍን መውደድና ጸሐፊ ሆኖ መኖር እጅግ የተራራቁ ናቸው። በጎንደር ከተማ በማራኪ የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚመላለሱ ወጣቶችም ብዕር ባነሡ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሟቸዋል። አንደኛው ወጣቱ ራሱን የሚጠይቀው «ስጦታው አለኝን?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ወላጅ የሚጠይቀው «ጽሕፈት እንጀራ ይሆናልን?» የሚለው ነው። በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ምክንያት ብዙ ብዕር ገና ሳይጽፍ ይደርቃል። መልሱን ለማግኘት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ድጓን ከቤተ ልሔም፣ ቅኔን ከጎጃም፣ ትርጓሜ መጻሕፍትን ከጎንደር ለመማር በእግራቸው ይጓዙ የነበሩ አባቶች ትተውልን ሄደዋል።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ የቅኔ ቤትን ሥርዓት እንመልከት። የቅኔ ተማሪ ግሱን ያወርዳል፤ አገባቡን ያጠናል፤ ከዚያም በሁለት ቤት ከሚፈጸመው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። እየበረታ ሲሄድ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ፣ ደረጃ በደረጃም ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ከሰው ተለይቶ በዛፍ ጥላ ሥር ቅኔውን ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም በመምህሩ ፊት ይነግራል። መምህሩ ሲያርመው ጓደኞቹ ይሰማሉ። በማግሥቱም አዲስ ቅኔ ይዞ ይቀርባል እንጂ የትናንቱን አይደግምም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ሥርዓት ሦስት ነገሮች እንዳሉ አስተውል፤ ከትንሽ መጀመር፣ በየቀኑ መሥራት፣ በሌላ ሰው ፊት መታረም። የሰው ስጦታ የሚታወቀው በእነዚህ ካለፈ በኋላ ነው። የዛሬው ወጣት ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በሦስተኛው ነው፤ መመስገንን ይሻል፤ መታረምን ግን እንደ ስድብ ይቈጥረዋል። አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ ካላፈሰሰ ለወርቁ ሥፍራ አይገኝለትም። ጸሐፊም የመጀመሪያ ቃሉን መተው ካልፈቀደ የተሻለው ቃል መግቢያ ያጣል።

ሁለተኛው የእንጀራ ጥያቄ ነው። ይህን ወላጆች በከንቱ አልጠየቁም። ቀድሞም ቁም ጸሐፊው ብራና ፍቆ፣ መቃ ቀርጾ፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም በጥብጦ መጻሕፍትን እየገለበጠ ለኑሮው ዋጋ ይቀበል ነበር። ቅኔ ዐዋቂውም የሚኖረው በመምህርነትና በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነበር። ስለዚህ ከብዕር ጎን ሌላ ሙያ መያዝ የአባቶች ልማድ ነው፤ ነውርም የለበትም።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑን ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ ዘመቱ፤ ተማርከውም ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። ከተመለሱ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሥራ እስከ አምባሳደርነት አገለገሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ዕድሜያቸው ወደ 56 ዓመት በደረሰ ጊዜ ነው። በመጽሐፉ የምናገኘው በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ ነው፤ የቅኔ ቤቱ ሕይወት እንደ ዘር ተቀብሮ ቆይቶ በጊዜው ፍሬ ሰጠ። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልምዣት» በ1980 ዓ.ም. ተከተሉ። በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። እንጀራቸውን ያገኙበት ሥራ ጊዜያቸውን ቢወስድም፣ የሚጽፉትን ነገር አበርክቶላቸዋል።

ሆኖም ሥራ ብዕርን ሊውጥ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። «ጊዜ ሳገኝ እጽፋለሁ» የሚል ሰው ጊዜ አያገኝም። ተማሪው በየዕለቱ ቅኔ እንደሚቈጥር ሁሉ፣ መምህር ወይም ነጋዴ ወይም ሐኪም የሆነ ሰውም ከቀኑ አንዲት ሰዓት ለብዕሩ ይለይ። የሚያርመውንም አንድ እውነተኛ ወዳጅ ይፈልግ።

እናንተም ወላጆች፥ ልጃችሁ ጽሕፈትን ቢመርጥ ሙያ እንዲይዝ ምከሩት እንጂ ብዕሩን አታስጥሉት። የጸሐፊ ትልቁ ደስታ ቅኔው በተሰማ ጊዜ ከአድማጩ አፍ «ይበል!» የሚለው ቃል ሲወጣ ነው። ይህ ደስታ በገንዘብ አይገዛም፤ ለሰነፍም አይሰጥም፤ በትጋት የጸና ግን ያገኘዋል።