የአጸዱን ደን በፎቶግራፍ ስናሳይ

ከየአጥቢያው ከሪፖርት ጋር ተያይዘው የሚደርሱን የደን ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ደኑ ውስጥ ተቁሞ የተነሡ ናቸው። ግንድና ቅጠል ይታያል፤ ደኑ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ግን አይታወቅም። በደቡብ ጎንደር ከከፍታ ለሚመለከት ሰው አብያተ ክርስቲያናቱ በታረሰ መሬት መካከል እንደ አረንጓዴ ደሴቶች ተለያይተው ይታያሉ። የነገሩ ክብደትም በዚሁ ዳርቻ ላይ ነው፤ ማረሻው የሚገፋው፣ ከብቱ የሚገባው፣ ችግኙም የሚጠፋው በዚያ ነውና። እንግዲህ ፎቶግራፉ ዳርቻውን ሊይዝ ይገባዋል።

ለዚህም ከአጸዱ ወጥቶ ትይዩ ካለው ጉብታ ላይ መቆም ያስፈልጋል። በስልክ አጉልቶ ከማንሣት በእግር መቅረብ ይሻላል፤ ስልኩ ባጎላ መጠን ምስሉ ይደበዝዛልና።

አድማሱ ምስሉን እኩል ለሁለት ሲከፍለው ዐይን በሰማይና በምድር መካከል ያመነታል። ምስሉን በሐሳብ ወደ ጎን ለሦስት ከፍለን አድማሱን በላይኛው መስመር ላይ ብናሳርፈው፣ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ለምድሩ ይሆናል፤ የምንናገረውም ስለ ምድሩ ነው። ብዙዎቹ ስልኮች ይህን የሚያሳይ የመስመር መረብ አላቸው።

ጥልቀትን በተመለከተ፣ ለመረዳት ያህል ብቻ፣ የክብ ቤተ ክርስቲያንን አሠራር እናስብ። ከቅኔ ማሕሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ በሥርዓት እንደሚገባ፣ የመልክዐ ምድር ምስልም ቅርብ፣ መካከልና ሩቅ ሲኖረው ተመልካቹን ደረጃ በደረጃ ያስገባዋል። በቅርብ የድንጋይ ካቡ ይሁን፤ ከምስሉ ታችኛ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ደኑ ሲያመራ ዐይን ይከተለዋል። በመካከል ዝግባውና ወይራው፣ በሩቅ ተራራው ይታይ። ከዛፉ ሥር ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ቢቆሙ የዛፉ ቁመት ያለ ማብራሪያ ይታወቃል።

እኩለ ቀን ፀሐይ በአናት ላይ ስትሆን ጥላ ያጥርና ዛፉ ሁሉ አንድ ጠፍጣፋ አረንጓዴ ይመስላል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይነሣ።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን የምስሉ ታማኝነት ነው። የተራቆተውን ወገን ከምስሉ አስቀርቶ ለምለሙን ብቻ ማሳየት በቃል ከመዋሸት አይለይም። የአምናውን የካቲት ከዘንድሮው መስከረም ጋር አቅርቦ «ደኑ ለመለመ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ ያለመለመው ዝናቡ ነውና። ባሕር ዛፍም ከሩቅ ሲታይ ከአገር በቀሉ ዛፍ ጋር ስለሚቀላቀል፣ በአጸዱ ካለ ቀርቦ የተነሣ ሁለተኛ ምስል ይጨመርበት።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ከጉብታው ላይ አንድ የማይነቃነቅ ድንጋይ ይምረጥና ምልክት ያድርግበት። በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ድንጋይ ላይ፣ ያለፈውን ዓመት ምስል በእጅ ይዞ ይነሣ። ምስሉ ሳይቆረጥ ይላክልን፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና የተቆመበት ስፍራም አብሮ ይጻፍ።