የአደራ ገንዘብና የዘመድ ንግድ

ከመካከላችን አባቱን በሞት ያጣና ውርሱ በአጎት ወይም በታላቅ ወንድም እጅ ያለ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ገንዘቡ የታናናሾቹም ጭምር ነው። አንድ ቀን የአጎት ልጅ ሱቅ ሊከፍት ያስባል፤ «ገንዘቡ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ለዘመድ ቢሰጥ ምን አለበት?» ይባላል። ዛሬ የምናየው ይህንኑ ነው።

በኢማም ማሊክ ሙወጦእ የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። የዑመር (ረ.ዐ.) ልጆች ዐብደላህና ዑበይደላህ ከኢራቅ ዘመቻ ሲመለሱ፣ የበስራው አሚር አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ሊጠቅሟቸው ፈለጉ። ወደ መዲና የሚላክ የሕዝብ ገንዘብ ነበርና እሱን አበደሯቸው። የኢራቅ ዕቃ ገዝተው መዲና ይሸጣሉ፣ ዋናውን ለዑመር ያስረክባሉ፣ ትርፉን ይወስዳሉ። ነገዱ፤ አተረፉም። ዑመር ግን፣ ለሠራዊቱ ሁሉ እንዲሁ ተበድሯል ወይ ብለው ጠየቁ። አለመሆኑን ሲሰሙ፣ የተሰጣችሁ የኔ ልጆች ስለሆናችሁ ነው ብለው ዋናውንም ትርፉንም እንዲመልሱ አዘዙ። ዐብደላህ ዝም አሉ። ዑበይደላህ ግን ገንዘቡ ቢጠፋ ከፋዮቹ እኛ ነበርን ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ባዶ አልነበረም፤ በብድር ኪሳራውም ትርፉም የተበዳሪው ነው። በመጨረሻ እዚያ የነበረ ሰው ቂራድ ይደረግ አለ፤ ዑመርም ዋናውንና የትርፉን ግማሽ ተቀበሉ፣ ግማሹ ለልጆቹ ሆነ።

ቂራድ ሙዷረባ የምንለው ውል ነው። የአደራ ገንዘብ ለዘመድ ሲሰጥ የሚያስፈልገንም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም በነጻ ብድር የቲሙ ትርፍ የለውም፣ ዘመዱ ብቻ ይጠቀማል። አስቀምጦ መጠበቅም ቢሆን መፍትሔ አይደለም። ዑመር ራሳቸው ዘካ እንዳይበላው በየቲም ገንዘብ ንግዱበት ብለው መክረዋል።

እንግዲህ 100,000 ብር ለሱቅ ተሰጠ እንበል። የትርፉ 60 በመቶ ለነጋዴው፣ 40 በመቶ ለየቲሞቹ ተብሎ አስቀድሞ ይወሰናል። ሳይዘርፍና ሳያዝረከርክ ከከሰረ ከዋናው ይጎድላል፣ የነጋዴው ልፋትም ከንቱ ይቀራል። «በየወሩ 3,000 ብር እሰጣለሁ» ካለ ግን ሱቁ ቢያተርፍም ባያተርፍም የሚከፈል ስለሆነ ሪባ ውስጥ ያስገባል። ኪሳራው በልጆቹ ላይ የሚወድቅ በመሆኑም አጎት ከመስጠቱ በፊት የዑመርን ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፦ ይህን ያህል ችሎታ ላለው ባዳ በዚሁ ውል እሰጥ ነበር?

ወቅፍ የተደረገ ቤት ካለ ነገሩ ይጠብቃል። ቤቱ አይሸጥም፣ ለማንም ንግድ መያዣ አይሆንም። ኪራዩ ወቅፍ አድራጊው ለወሰነው ይውላል፤ ለዘመዶች መነገጃ ብሎ ከሆነ ለዚያው።

የሚከብደው «በዘመድ መሃል ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። አጎትን ውል ይጻፍ ማለት ያሳፍራል፤ እናውቀዋለን። ግን ዕዳን መጻፍ በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ፣ ለየቲም ገንዘቡን ሲያስረክቡ ማስመስከር በሱረቱ ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ የታዘዘ ነውና ጥያቄው የእናንተ አይደለም፣ የቁርኣን ነው። በተለይ ነጋዴው የአጎት የራሱ ልጅ ሲሆን፣ እናትም ከምስክሮቹ ጋር ተቀምጣ ድርሻው ሲነበብ ትስማ፤ ሒሳቡም በዓመት አንዴ ዘካ ሲወጣ አብሮ ይታይ። ወላሁ አዕለም።