ያልተከፈለ የመንገድ ቅጣት ማንን ያገኛል? የለንደን የመጨናነቅ ክፍያና አፈጻጸሙ

መግቢያ

አባቴ የታክሲ ሹፌር ነበር። መኪናዋ የራሱ አልነበረችም። በየማታው ለባለንብረቱ የተወሰነ ገቢ ያስገባል፣ የተረፈችውን ይዞ ቤት ይመጣል። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያለወትሮው በጊዜ ገባ። "ታርጋ ተፈታ" አለና ዝም አለ። ማቆም በማይፈቀድበት ቦታ ተሳፋሪ ሲያወርድ ተይዞ ነው። ጥፋቱ የራሱ መሆኑን አልካደም። ነገር ግን ቅጣቱን ከፍሎ ታርጋውን እስኪያስመልስ ሁለት ቀን ቤት ዋለ። የጎዳን የቅጣቱ ብር ሳይሆን እነዚያ ሁለት ቀናት ናቸው።

ዘንድሮ ስለ ፍርድ አፈጻጸም ስንማር ይህ ነገር ትዝ አለኝ። ቅጣት መጣል ቀላል ነው፤ ጥያቄው ያልከፈለው ሰው በምን ይገደዳል የሚለው ነው። እንደኔ እንደኔ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እንደ አባቴ ጊዜ ለሰውየው አስፈላጊ የሆነ ነገር ይዞ "ክፈልና ውሰድ" ማለት ነው። ሁለተኛው ሰውየውን ለቅቆ ዕዳውን በወረቀት መከተል ነው። የሁለተኛው ጥሩ ምሳሌ ሆኖ ያገኘሁት የለንደን ከተማን አሠራር ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ እሱን አያለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክፍያው ምንድን ነው?

ለንደን በመሐል ከተማዋ ለሚገቡ መኪኖች የመጨናነቅ ክፍያ የጀመረችው በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2003 ነው። የሕግ መሠረቱ የ1999ኙ የታላቋ ለንደን አስተዳደር አዋጅ ሲሆን ሥራ ላይ ያዋሉት የወቅቱ ከንቲባ ኬን ሊቪንግስተን ናቸው። ሐሳቡ አጭር ነው፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ መኪናው ብዙ ነው፣ ስለዚህ በሥራ ሰዓት መሐል ከተማ የሚገባ ይክፈል። የሚሰበሰበውም ገንዘብ ለትራንስፖርት ይውላል።

ሲጀመር በቀን 5 ፓውንድ ነበር። በ2005 8 ፓውንድ፣ በ2011 10፣ በ2014 11 ፓውንድ ተኩል፣ በ2020 15 ሆነ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ በዕለቱ ለሚከፍል 18 ፓውንድ ነው። በር ላይ ቆሞ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም፤ መኪና የሚያስቆም ኬላም የለም። ካሜራ ታርጋውን ያነባል፣ የከፈለና ያልከፈለውን ኮምፒውተር ይለያል። በዕለቱ ያልከፈለ ሰው ትንሽ ጨምሮ እስከ ሦስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት መክፈል ይችላል። ከዚያ ካለፈ ግን ነገሩ ከክፍያነት ወደ ቅጣት ይሸጋገራል።

ዕዳው እንዴት ያድጋል?

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነጥብ አለ። ይህ ቅጣት ወንጀል አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ዕዳ ነው። ማንም በዚህ አይታሰርም። ሆኖም ዕዳው ዝም በተባለ ቁጥር እንደ እርሾ እየኮመጠጠ ይሄዳል። ደረጃዎቹ እንደሚከተለው ናቸው።

1ኛ. የቅጣት ማስታወቂያ በፖስታ ይላካል። የሚላከው መኪናውን ለነዳው ሰው ሳይሆን በተሽከርካሪ መዝገብ ላይ ስሙ ለሰፈረው ሰው ነው። መጠኑ 180 ፓውንድ ሲሆን በ14 ቀን ውስጥ ለከፈለ በግማሽ ቀንሶ 90 ይሆናል። መቃወም የሚፈልግ 28 ቀን አለው፤ ተቃውሞው ካልተሳካለት ወደ ገለልተኛ ዳኞች ይግባኝ ማለት ይችላል።

2ኛ. ባለመኪናው ካልከፈለም ካልተቃወመም ቅጣቱ በግማሽ ያድግና 270 ፓውንድ ይሆናል።

3ኛ. አሁንም ዝም ካለ ዕዳው በኖርዝሃምፕተን በሚገኘው የትራፊክ ማስፈጸሚያ ማዕከል ይመዘገባል። ይህ ማዕከል የፍርድ ቤት አካል ነው፤ ነገር ግን ችሎት ተሰይሞ ክርክር አይሰማም። የመመዝገቢያ ክፍያ ተጨምሮ የማስከፈያ ትእዛዝ ይወጣና ባለዕዳው 21 ቀን ይሰጠዋል።

4ኛ. ከዚያ በኋላ የአፈጻጸም ማዘዣ ወጥቶ ጉዳዩ በተለምዶ ቤይሊፍ ለሚባሉት አስፈጻሚዎች ይተላለፋል። በ2014 በወጣው ታሪፍ መሠረት ደብዳቤ ሲልኩ 75 ፓውንድ፣ ቤት ሲመጡ 235 ፓውንድ፣ ንብረት ወደ መሸጥ ሲደርሱ ደግሞ 110 ፓውንድ በባለዕዳው ላይ ይጨምራሉ።

እስቲ እንደምረው። 270 ሲደመር 75 ሲደመር 235፣ 580 ፓውንድ ይመጣል። የመመዝገቢያውንና የሽያጩን ወጪ ትተን ማለት ነው። 18 ፓውንድ የነበረች ዕዳ ከ32 እጥፍ በላይ ሆነች! እነዚህ አስፈጻሚዎች ለእንዲህ ዓይነት ዕዳ በር ሰብረው ቤት መግባት አይችሉም፤ ደጅ የቆመች መኪና ላይ ግን ጎማ መቆለፊያ ያስሩባታል። ለሥራ የሚያገለግሉ ዕቃዎች እንዳይያዙ ሕጉ ይከላከላል፤ ነገር ግን ጥበቃው እስከ 1,350 ፓውንድ ዋጋ ድረስ ብቻ ነው። ታክሲ በዚህ ዋጋ ስለማይገኝ፣ አባቴ ለንደን ቢሆንና መኪናዋ የራሱ ብትሆን ኖሮ ይህ ጥበቃ ብዙም አይረዳውም ነበር። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለባለዕዳው መተዳደሪያ የሆኑ መሣሪያዎችን ከመያዝ እንደሚጠብቅ በክፍል የተማርነውን ማስታወስ ይጠቅማል።

ማን ይያዛል? ማንስ ያመልጣል?

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ይህ መሰላል የተሠራው "አልከፍልም" ለሚል እምቢተኛ ነው። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ዝም የሚል ሰው ሁሉ እምቢተኛ ነው ወይ? አይደለም። ቤት የቀየረና አድራሻውን በመዝገብ ያላስተካከለ ሰው ደብዳቤዎቹ ሁሉ በቀድሞ ቤቱ ደጃፍ ይከመራሉ። እሱ ስለ 90ውም፣ ስለ 180ውም፣ ስለ 270ውም የሰማው ነገር የለም። መጀመሪያ የሚያውቀው ቤይሊፉ ሲያንኳኳ ነው። ኪራይ ቤት እየቀያየረ የሚኖር ድሃ ወይም አዲስ መጤ ከባለ ቤቱ ይልቅ በዚህ ወጥመድ እንደሚገባ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ሕጉ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አንድ በር ትቶለታል። "ማስታወቂያው አልደረሰኝም" ብሎ በመሐላ ያረጋገጠ ሰው ትእዛዙ ይነሣለታል፣ የተጨመረውም ግማሽ ይቀርለታል። ዕዳው ተሰረዘ ማለት ግን አይደለም፤ ከተማው ማስታወቂያውን እንደገና ሊልክለት ይችላል። በውሸት የማለ ደግሞ በወንጀል ይጠየቃል። በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው አሠራር ትልቁ ቁም ነገር ይህች በር ናት። ሆኖም በሩን የሚያውቅ ሰው ነው የሚገባበት።

በሌላ በኩል መሰላሉ የማይደርስባቸው አሉ። የሐሰት ታርጋ የለጠፈ ሰው አንዱ ነው፤ ደብዳቤው የሚሄደው ታርጋው ወደተሰረቀበት ንጹሕ ሰው ነው። ሁለተኛው ዲፕሎማት ነው። ከ2003 እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ በለንደን ያሉ ኤምባሲዎች ያልከፈሉት ክፍያና ቅጣት ከ143 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሶ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከ14 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው የአሜሪካ ኤምባሲ ድርሻ ነው።

ክርክሩ ለሕግ ተማሪ የሚጥም ነው። የ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 34 ዲፕሎማትን ከግብር ነጻ ያደርጋል፤ ለተሰጠ የተለየ አገልግሎት የሚከፈለውን ዋጋ ግን አይጨምርም። አሜሪካኖቹ "ይህ ግብር ነው" ይላሉ። እንግሊዞቹ ደግሞ "የለም፣ የአገልግሎት ዋጋ ነው" ይላሉ። እንግሊዞቹ ትክክል ናቸው ብንል እንኳን አንቀጽ 22 የኤምባሲን መኪና መያዝ ይከለክላል፣ አንቀጽ 31 ደግሞ ዲፕሎማቱን ከአፈጻጸም ይጠብቃል። እንግዲህ መብቱ አለ ቢባልም ማስፈጸሚያው የለም ማለት ነው። አድራሻቸው ግን ከማንም በላይ የታወቀ ነው! አድራሻው ያልተገኘው ተከራይ 580 ይከፍላል፤ በአድራሻው ባንዲራ የሚውለበለብለት አይከፍልም።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ካሜራና ኮምፒውተር ዘመናዊ ነው ብለን ዝም ብለን ከመቅዳታችን በፊት ይህ አሠራር የቆመበትን መሠረት ማየት አለብን። መሠረቱ ካሜራው ሳይሆን መዝገቡ ነው። በመዝገብ ላይ ያለው ስም የእውነተኛው ባለቤት ስም ነው ወይ? አድራሻው ደብዳቤ ያደርሳል ወይ? በእኛ አገር መኪና በውክልና ተሽጦ፣ ከገዢ ወደ ሌላ ገዢ አልፎ፣ ስሙ ሳይዛወር ለዓመታት መነዳቱ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ባለበት ሁኔታ ቅጣቱ በስመ ባለቤቱ ላይ እየተከማቸ ቢሄድ መኪናዋን ከሸጠ ዓመታት የሆነው ሰው ነው የሚጠየቀው።

ከስቶክሆልም ደግሞ ሌላ ነገር መማር ይቻላል። በ2006 ተሞክሮ ከ2007 ጀምሮ ቋሚ በሆነው የስዊድኖች አሠራር ባለመኪናው በየቀኑ "ዛሬ ከፍያለሁ ወይ?" እያለ አይጨነቅም፤ የወሩ ሒሳብ ተደምሮ ይላክለታል። ለንደንም በ2011 ለተመዘገቡ ሰዎች ሒሳቡን በራሱ የሚቆርጥ አሠራር ጀምራለች። መርሳትን የሚቀንስ አሠራር ቅጣትንም ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

ታርጋ መፍታት ጨካኝ ነው፤ ሰውየውን ከእንጀራው ያቆመዋል። ግን አንድ ነገር አለው። አባቴ መቀጣቱን በዚያው ደቂቃ ነው ያወቀው፣ ዕዳውም ሲያድር አላደገም። የለንደኑ መንገድ ማንንም መንገድ ላይ አያስቆምም፤ ነገር ግን ሰው ሳያውቅ ዕዳውን ያሳድግበታል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የምለው ይህን ነው። ዕዳን በወረቀት መከተል የተሻለ ነው፤ ጭማሪው መቆጠር ያለበት ግን ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ሳይሆን ሰውየው ማወቁ ከተረጋገጠበት ቀን ጀምሮ ነው። ይህ ለከተማው ወጪ እንደሚያበዛ፣ ተንኮለኛም "አልደረሰኝም" እያለ ሊደበቅበት እንደሚችል አውቃለሁ። ለዚያ መሐላው አለ። እምቢ ያለንና ያልሰማን ለይቶ የማያይ ቅጣት ገንዘብ ይሰበስብ ይሆናል እንጂ ሕግ አክባሪ አያፈራም። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ የክፍሌ ልጆችና መምህራን በሚቀጥለው እትም ብትሞግቱኝ ደስ ይለኛል።