ቤቱ በወር ስንት ይበላል?

ቤት ለመግዛት የቆረጠ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ዕቁብ ጥሎ፣ ከደመወዙ ቀንሶ፣ ከባንክ ጋር ተነጋግሮ «ከእንግዲህ ኪራይ በቃኝ» ያለ ሰው ትልቁን ዳገት ወጥቷል። የቀረውን መንገድ የሚያቀልለት አንድ ጥያቄ አለ። ደላላው የሽያጩን ዋጋ ሲጠራ፣ «እሺ፣ በወርስ ስንት ይበላል?» ማለት።

የባንክ ዕዳ አንድ ቀን ያልቃል። መብራቱ፣ ውሃው፣ የሊፍቱና የጄነሬተሩ መዋጮ፣ የጥበቃና የጽዳቱ ክፍያ ግን ቤቱ እስካለ ድረስ አብረውት አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ ወይም ኮንዶሚኒየም የሚገዛ ሰው ካሬውንና ፎቁን ያጣራል፣ ካርታውን ያስመረምራል፤ እነዚህን ግን «ከገባሁ በኋላ ይደርሳል» ብሎ ይተዋቸዋል። ሳይቃጠል በቅጠል! ዛሬ በወረቀት ላይ የሚሰላው ሂሳብ ነገ የሌሊት ሐሳብ አይሆንባችሁም።

ከምጣዱ እንጀምር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። አንድ ጋገራ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ 7 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ለሚጋገርበት ቤት ደግሞ በአራት ሳምንት 56። ባለ 80 ሊትር ቦይለር ከቀዝቃዛ ውሃ ተነስቶ 60 ዲግሪ እስኪደርስ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በየቀኑ አንዴ ከሞቀ በወር 120 ነው። ፍሪጁ፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ቴሌቪዥኑ ገና አልተቆጠሩም። የመኖሪያ ቤት ታሪፋችን ደግሞ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ የሚልበት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እያደገ እንዲሄድ ተወስኗል። ስለዚህ ሻጩ የሚያሳያችሁን የመብራት ሂሳብ እንደ መነሻ ያዙት፤ በጀታችሁ ላይ የምትጽፉት ቁጥር ከእሱ ከፍ ይበል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ቆጣሪው የማን ነው የሚለው ነው። ሁለት ሦስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ከሆነ የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ውዱ እርከን ላይ ይወጣል፤ ቆጥቦ የሚኖረውም ቤተሰብ የማይቆጥበውን ዋጋ ይከፍላል። የግል ቆጣሪ ያለው ቤት ትንሽ ወደድ ቢልም ልዩነቱን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ ሻጩ በወር ስንት ብር እንደሚሞላ ጠይቁ፤ የክረምቱንም የበጋውንም።

ውሃ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች የምታገኘው ውሃ ለሁሉም ሰፈር እኩል አይዳረስም፤ ብዙ ቦታ በፈረቃ ነው። ፎቅ ላይ ሲሆን ነገሩ ይደራረባል። ውሃው ምድር ቤት ካለው ማጠራቀሚያ በፓምፕ ተገፍቶ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይወጣል፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል። ያኔ ወይ ጄነሬተር በናፍጣ ይነሳል፣ ወይ ጀሪካን በደረጃ ይወጣል። ሁለቱም ዋጋ አላቸው።

የማውቃት አንዲት ነርስ ቤት ስትፈልግ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ደላላው ስለ ኩሽናው ቁምሳጥን ሲያወራላት እሷ ወደ ደረጃው ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በየበሩ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል፤ አፋቸው ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል፣ ከሥራቸው ያለው ሲሚንቶ እርጥብ ነው። ተመልሳ ወርዳ ዘበኛውን ጠየቀች።

«አባባ፣ ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል?»

«ኧረ ልጄ፣ ሲመጣ ሁለቴ ነው። እሱም ሌሊት።»

«ከቦቴ ትገዛላችሁ?»

«በጋ በጋ አዎ፤ ነዋሪው አዋጥቶ።»

ከዚያ በኋላ ለነርሷ ኩሽናውን መልሶ ማየት አላስፈለጋትም፤ ወረቀት አውጥታ የቦቴውን መዋጮ ጻፈች። ይህችን ሴት በጣም አደንቃታለሁ። ማንም ባለሙያ አልቀጠረችም፤ ዓይኗንና አንደበቷን ብቻ ተጠቀመች። እናንተም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ።

ቁጥሩ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ሁለት ቤቶችን እናስብ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው በ200,000 ብር ይረክሳል፤ ነገር ግን በቦቴ ውሃ፣ በናፍጣና በጋራ ቆጣሪ ምክንያት ወርሃዊ ወጪው በ4,000 ብር ይበልጣል። ያ በዓመት 48,000 ብር ነው። አራት ዓመት ከጥቂት ወራት ሲሞላ የረከሰው ብር ሁሉ ተበልቶ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ሁሉ ኪሳራ ነው። ይህን ስሌት ይዞ የሚደራደር ሰው ድምፁ አይንቀጠቀጥም። «ውሃ ስለማይደርስ ሮቶና ፓምፕ ማስገባት አለብኝ፤ ዋጋውን ከዚህ ላይ ቀንሱልኝ» ሲል ሻጩም ያደምጠዋል።

በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የኮንዶሚኒየም ባለቤቶች ማኅበር አላቸው። ኮሚቴውን አግኙ። ወርሃዊ መዋጮው ስንት ነው? ሊፍቱ መቼ ተጠገነ? ያልከፈሉ ነዋሪዎች ብዙ ናቸው? ያልከፈሉት ሲበዙ የከፈሉት ላይ ይጫናል። አዲስ ሕንፃ ከሆነ ትራንስፎርመሩና የየቤቱ ቆጣሪ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ፤ በቃል ተስፋ አትርኩ። አሮጌ ቤት ከሆነ የመብራትና የውሃ ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ወረቀት ሳትይዙ ስም ወደ ማዞር አትሂዱ።

አሁን ሁሉንም ደምሩ፦ የባንክ ክፍያ፣ መብራት፣ ውሃ፣ መዋጮ፣ ለጥገናም የተወሰነ። ድምሩ ከዛሬ ኪራያችሁ በልጦ ካያችሁት አትደንግጡ፤ ለመለማመድ ጊዜ አላችሁ። ገና ኪራይ ቤት ሳላችሁ ለሦስት ወር ያህል በድምሩና በኪራዩ መካከል ያለውን ልዩነት ደመወዝ በገባ ዕለት ወደ ሌላ የባንክ ሂሳብ አዙሩ። ቤት ውስጥ ያሉትን ሁሉ ንገሯቸው፤ ልጆቹም ይወቁት። ሦስቱ ወር ሳትበደሩ ካለፈ ያ ቤት አቅማችሁ ነው፣ ግዙት! ሁለተኛው ወር ላይ ከተንገዳገዳችሁም አነስ ያለ ቤት ወይም ውሃ የሚደርስበት ሰፈር ፈልጉ። በሁለቱም መንገድ በተለየው ሂሳብ የተጠራቀመው ብር የእናንተው ነው፤ ቁልፍ በተረከባችሁ ማግሥት ሮቶውን ይገዛላችኋል።