ማውጫው በማን ጉዳይ ይከፈል?

ዲጂታል አገልግሎት የሚሠራ ሰው ስለ ቀለምና ስለ ቁልፍ ቅርጽ ከማሰቡ በፊት ሁለት ነገር መወሰን አለበት፤ የትኛው ይዘት ከየትኛው ጋር እንደሚቀመጥና ተጠቃሚው በየት በኩል እንደሚደርስበት። አሜሪካዊው አርክቴክት ሪቻርድ ሶል ዉርማን እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን ሥራ የመረጃ ሥነ ሕንፃ አለው። በኋላም መረጃ በቦታ፣ በፊደል ተራ፣ በጊዜ፣ በዓይነት ወይም በደረጃ እንደሚደረደር አስተማረ። አምስቱን ማወቅ አያስቸግርም፤ ከባዱ ለያዝነው ሥራ የሚስማማውን መምረጥ ነው። የፊደል ተራ፣ ለምሳሌ፣ የሚጠቅመው የሚፈልገውን ነገር ስም አስቀድሞ ለሚያውቅ ነው።

አንዲት እናት ልጇን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የልደት ሰርተፊኬት ፈለገች እንበል። የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ስትከፍት «ስለ እኛ»፣ «ዳይሬክቶሬቶች»፣ «ወሳኝ ኩነት»፣ «ሰነዶች» የሚል ማውጫ ይጠብቃታል። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአንድነት ወሳኝ ኩነት መባላቸውን መዝጋቢው ሠራተኛ በየቀኑ ይናገረዋል፤ እርሷ ግን ሰምታው አታውቅ ይሆናል። ስለዚህ «ሰነዶች» የሚለውን ትነካለች፤ አዋጅና መመሪያ ይወጣባታል። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ማውጫው የተከፈለው ቢሮው በተከፈለበት መልክ ነው፤ እርሷ የመጣችው ግን ጉዳይ ይዛ ነው። ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ክፍፍሉ ከተጠቃሚው ጉዳይ ይነሣ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው የብሪታንያ መንግሥት ድረ ገጽ፣ ገቭ ዶት ዩኬ፣ ልደትን፣ ሞትንና ጋብቻን በአንድ ርዕስ ሥር አስቀምጧል፤ ዜጋው ጉዳዩ የየትኛው ሚኒስቴር እንደሆነ ማወቅ አይጠበቅበትም።

የተጠቃሚው ክፍፍል እንዴት ይታወቃል? እያንዳንዱን አገልግሎት በትንሽ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሥራውን ለማያውቁ ሰዎች ስጡና አብረው ይሄዳሉ የሚሏቸውን ይሰብስቡ፤ ለየክምሩም ራሳቸው ስም ያውጡ። እናንተ ዝም በሉ። ከዚያ ማውጫውን ያለ ቀለምና ያለ ሥዕል አሳዩአቸውና «የልደት ሰርተፊኬት የት ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ የሚነኩት ቦታ ብዙ ያስተምራችኋል።

ማውጫ ከሰባት ነገር መብለጥ የለበትም ሲባል ትሰሙ ይሆናል። የአነጋገሩ ምንጭ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ማስታወስ ችሎታ የጻፈው ጥናት ነው። ማውጫ ግን ዓይን ፊት ስላለ ማንም በቃሉ አይዘውም። ከቁጥሩ ይልቅ ስሞቹ እርስ በርስ መለየታቸውን መርምሩ፤ «አገልግሎቶች» እና «ጠቃሚ መረጃዎች» ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት ብቻ ሆነውም ያደናግራሉ።

በፍለጋ ሳጥን የሚመጣውንም አትርሱ። በአማርኛ አንዱ «ኅብረት»፣ ሌላው «ህብረት»፣ ሦስተኛው «ሕብረት» ብሎ ይጽፋል። ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ካልቆጠረ፣ ያለው አገልግሎት «አልተገኘም» ይባላል። ፈላጊው በቀጥታ ውስጠኛ ገጽ ላይ ስለሚያርፍ፣ እያንዳንዱ ገጽ በየትኛው ርዕስ ሥር እንዳለና ወደ ላይ መመለሻው የት እንደሆነ ከአናቱ ላይ ይጻፍበት።