ጌትድ ሪቨርብ በከበሮ ቀረጻ፦ የጊዜ ስሌትና የቃል ጥራት በመቂና መሰል ከተሞች የሙዚቃ ሥራ

መግቢያ

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው መቂ፣ እንደ ሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሁሉ፣ የሠርግና የበዓል ዘፈን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሰማል። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ለቀረጻ የሚውለው ብዙውን ጊዜ አንድ ኮምፒውተር የተቀመጠበት ጠባብ ክፍል ነው። ጠባብ ክፍል ደግሞ ለከበሮ ግርማ አይሰጥም። ስለዚህ አቀናባሪው ግርማውን ከሶፍትዌር ይፈልጋል፤ ከሚያገኛቸው መሣሪያዎችም አንዱ ጌትድ ሪቨርብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ይህ መሣሪያ ተዘጋጅቶ በመጣው ልክ በችክችካ ምት ላይ ሲውል ለምን እንደማይሠራ ማሳየትና ትክክለኛውን ልክ ከምቱ ከራሱ ማውጣት የሚቻልበትን ስሌት ማቅረብ ነው።

የአሠራሩ ምንነትና መነሻ

ሪቨርብ ድምፅ ከግድግዳና ከጣሪያ እየተመላለሰ ቀስ በቀስ የሚደክምበት ጅራት ነው። ጌት ደግሞ ድምፁ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የሚከፈት፣ ሲያንስ የሚዘጋ በር ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ጅራቱ ገና ኃይሉን እንደያዘ በድንገት ይቆረጣል። አድማጩ የሰፊ አዳራሽ ስሜት ያድርበታል፤ አዳራሹ ግን ለቀጣዩ ምት ቦታ ይለቃል።

ይህ ድምፅ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1979 በለንደን ታውንሀውስ ስቱዲዮ፣ የፒተር ገብርኤል ሦስተኛ አልበም በሚቀረጽበት ጊዜ ነው። ፊል ኮሊንስ ድራም ሲመታ፣ ለመነጋገሪያ ብቻ የተሰቀለውና በብርቱ ኮምፕሬሰር የሚያልፈው ማይክሮፎን ድምፁን አግዝፎ አሰማ። የድምፅ መሐንዲሱ ሂዩ ፓጃም ይህንኑ ድምፅ ከጌት ጋር አጣምሮ ለቀረጻ አዋለው። በ1981 የወጣው የኮሊንስ «ኢን ዚ ኤር ቱናይት» ድምፁን በዓለም አሠራጨ። ብዙም ሳይቆይ ኤኤምኤስ አርኤምኤክስ 16ን የመሰሉ ዲጂታል መሣሪያዎች ውጤቱን በአንድ ቁልፍ ማቅረብ ጀመሩ። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ሙዚቃም ወደ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን እየዞረ ነበር፤ ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ያዘጋጀው የአኮርዲዮን ካሴት ለዚህ አንድ ምስክር ነው።

የምቱ ስሌት

ተዘጋጅተው የሚመጡት ልኮች በአብዛኛው ለአራት አራተኛ ምት የተመቹ ናቸው። በደቂቃ 100 ምት በሚሄድ ዘፈን፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ የሚያርፉ ሁለት የስኔር ምቶች በ1200 ሚሊሰከንድ ይራራቃሉ። የ400 ሚሊሰከንድ ጅራት ቢሰጠው እንኳ 800 ሚሊሰከንድ ክፍት ይተርፋል።

ችክችካ ግን እያንዳንዱ ዋና ምት በሦስት የሚከፈልበት፣ ረጅምና አጭር ክፍተት የሚፈራረቁበት ምት ነው። በደቂቃ 120 ዋና ምት ቢኖር፣ 60000 ለ120 ሲካፈል 500 ሚሊሰከንድ፣ ይህም ለሦስት ሲካፈል 167 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ከወፍራሙ ምት እስከ ቀጭኑ 333፣ ከቀጭኑ እስከ ተከታዩ ወፍራም 167 ሚሊሰከንድ ብቻ አለ። የ400 ሚሊሰከንድ ጅራት ሁለቱንም ክፍተቶች ይሞላል፤ በሩ ሳይዘጋ ሌላ ምት ደርሶ ይከፍተዋል። ውጤቱ ያልተቋረጠ ጉርምርምታ እንጂ ጌትድ ሪቨርብ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው፣ የከበሮው ሁለት አፎች ሁለት የተለያዩ ጌቶች እንደሚያስፈልጓቸው ነው። በተጠቀሰው ፍጥነት ለወፍራሙ 220 ሚሊሰከንድ መቆያና 60 መዝጊያ፣ ለቀጭኑ 100 መቆያና 30 መዝጊያ ቢሰጥ፣ ከእያንዳንዱ ምት በፊት ከ35 እስከ 55 ሚሊሰከንድ ያህል ጸጥታ ይገኛል።

ጸጥታው ለቃል ያለው ጥቅም

ይህ ጸጥታ ለጭፈራ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። በአማርኛ «ይመታል» ላልቶ ሲነገር መቺውን፣ «መ» እና «ታ» ጠብቀው ሲነገሩ ተመቺውን ያመለክታል። ጽሕፈቱ ልዩነቱን ስለማያሳይ የሚለየው ጆሮ ብቻ ነው። የጠበቀ «ት» የሚታወቀውም ድምፁ ከመፈንዳቱ በፊት ባለው ረዘም ያለ ዝምታ ነው። በአፋን ኦሮሞም «ለፈ» መሬት፣ «ላፋ» ለስላሳ ማለት ሲሆን ትርጉሙን የሚለየው የአናባቢው ርዝመት ነው። የከበሮ ጅራት እነዚህን ጥቃቅን ጊዜያት ሲሸፍን የሚጎዳው የድምፁ ውበት ብቻ ሳይሆን መልእክቱም ነው።

የአሠራር ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ሁለቱ የከበሮ አፎች በሁለት ማይክሮፎን ይቀረጹ። ማይክሮፎኑ አንድ ብቻ ከሆነ ቅጂው በሁለት ተባዝቶ ወፍራሙና ቀጭኑ በማጣሪያ ይለዩ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ 2 ሰከንድ ገደማ ጅራት ወዳለው ሪቨርብ ይላክ፤ ከዚያ በኮምፕሬሰር፣ በመጨረሻም በጌት ይለፍ። ሦስተኛ፣ ጌቱን የሚከፍተው ሪቨርቡ ሳይሆን ያልተነካው የከበሮ ድምፅ ይሁን፤ ይህ ሳይድቼይን የሚባለው አሠራር ነው። አራተኛ፣ የዘፋኙ ድምፅ የራሱ ሪቨርብ ይኑረው እንጂ ከከበሮው ጋር አይዳበል።

መደምደሚያ

ጌትድ ሪቨርብ ጠባብ ክፍልን ሊያሰፋ የሚችለው የጅራቱ ርዝመት ከምቱ ክፍተት ሲያንስ ነው። በእጅ የሚመታ ከበሮ ወደ ዘፈኑ ማብቂያ ስለሚፈጥን፣ ስሌቱ በመነሻው ሳይሆን በፈጣኑ ክፍል ላይ መመሥረት አለበት። የመጨረሻው መመዘኛም ቀላል ነው፦ ግጥሙን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ዘፈኑን አንድ ጊዜ ሰምቶ ቃላቱን ይጻፍ፤ የሳተው ቃል ባለበት ቦታ የጌቱ ጊዜ ይጠር።